«ሸረሪት ሸናችበት» የተባለው ቁስልና ሌሎች የአንባቢያን ጥያቄዎች

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ስለ ሸረሪት የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ወደዚህ ዓምድ ይበዛሉ። በዝናቡ ወራት የተባዙት ዝንቦች፣ ትንኞችና የእሳት ራቶች ብርሃን ስቧቸው ወደ ቤት ሲገቡ፣ እነሱን አድነው የሚኖሩት ሸረሪቶችም ይከተሏቸዋል። በዚህ እትም ከጎንደር ከተማና ከዙሪያዋ የተላኩትን ጥያቄዎች መርጬ መልሻለሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ መናገር እወዳለሁ። ከደብዳቤዎቹ የሚበዙት የሚገልጹት ሸረሪት ያደረሰችውን ጉዳት አይደለም፤ ሌላ ነገር ያመጣውንና በሸረሪት የተሳበበውን ሕመም ነው። ይህ የሚያሳስበኝ ያለጥፋታቸው ስለሚገደሉት ሸረሪቶች ብቻ ብዬ አይደለም፤ እውነተኛው ምክንያት ሳይታወቅ ሕክምናው የሚዘገይበት ሰው ስላለ ነው።

በዓለም ላይ እስካሁን ከ50,000 በላይ የሸረሪት ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉም መርዝ አላቸው፤ የሚበሉትን ነፍሳት የሚያደነዝዙት በእሱ ነውና። መርዝ መኖሩ ግን ሰውን ይጎዳል ማለት አይደለም። የብዙዎቹ ጥርስ የሰውን ቆዳ ለመብሳት አይበቃም፤ የሚበቃውም ቢሆን የሚያስገባው መርዝ ለትንኝና ለዝንብ የተመጠነ በመሆኑ፣ ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአጭር ጊዜ ሕመምና እብጠት አያልፍም። ሸረሪት የሰው ደም አትመገብም፤ ስለዚህ ትኋንና ቁንጫ እንደሚያደርጉት ሌሊት ሰው ፈልጋ የምትመጣበት ምክንያት የላትም። የምትነክሰው በልብስ ወይም በጫማ ውስጥ፣ አለዚያም በእጅ ሥር ተጨፍልቃ መውጫ ስታጣ ነው።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ ማታ በደህና ተኝቶ አደረ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አንገቱ ላይ የጅራፍ ሰንበር የመሰለ ቀይ መስመር ወጣበት፤ በሦስተኛው ቀን መስመሩ ውኃ ቋጠረና ያቃጥለው ጀመር። እናቴ «ሸረሪት ሸንታበት ነው» ብለው ቅጠል ጨምቀው ቀቡት። ልጁ ጨለማ ስለሚፈራ ከአልጋው በላይ ያለው አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ይበራል፤ በኮርኒሱ ጥግም ሸረሪቶች አሉ። ሁሉንም ገድያቸዋለሁ፤ ነገር ግን ተመልሰው እንዳይመጡ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?
አንዲት እናት፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ልጅዎ ላይ የወጣው ቁስል እውነተኛና የሚያሠቃይ ነው፤ እናትዎም ከታላላቆቻቸው የሰሙትን ነው የተናገሩት። ይሁን እንጂ እንዲህ የሚያቆስል የሸረሪት ሽንት የለም። ሸረሪት የምትጥለው ወፍራምና ወደ ነጭ የሚያደላ ጠብታ ሲሆን፣ ግድግዳና የመስኮት መስታወት ላይ ደርቆ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፤ ቆዳ ላይ ቢወድቅ በውኃ ይታጠባል እንጂ አያቃጥልም።

በደብዳቤዎ ውስጥ ያሉት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ቁስሉ በመስመር መውጣቱ፣ ሕመሙ ዘግይቶ መምጣቱና አምፖሉ ሌሊቱን ሙሉ መብራቱ፣ ወደ አንዲት ትንሽ ጢንዚዛ ይመራሉ። በሳይንሱ ፒዴረስ ትባላለች፤ በምሥራቅ አፍሪካ «የናይሮቢ ዝንብ» በሚል ስም ትታወቃለች፣ ዝንብ ግን አይደለችም። ርዝመቷ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ራሷና የሆዷ ጫፍ ጥቁር፣ ደረቷና የሆዷ መካከል ብርቱካናማ ቀይ፣ አጭሩ የክንፏ ሽፋን ደግሞ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ነው፤ ቀጭን ስለሆነች በችኮላ የሚያያት ሰው ጉንዳን ናት ብሎ ያልፋታል። የምትኖረው በእርጥብ መሬት፣ በሰብል ማሳና በወንዝ ዳር ሲሆን፣ ዝናብ ከበዛ በኋላ ቁጥሯ ይጨምራል፤ ሲመሽም ብርሃን ተከትላ ወደ ቤት ትገባለች።

ይህች ጢንዚዛ አትነክስም፣ አትናደፍምም። በሰውነቷ ፈሳሽ ውስጥ ግን ፒደሪን የተባለ ቆዳን የሚያቆስል መርዝ አለ። የተኛ ልጅ አንገቱ ላይ የሚሄድ ነገር ሲሰማው በእንቅልፍ ልቡ በእጁ ይጨፈልቃታል፤ ፈሳሹም እጁ በሄደበት አቅጣጫ ይቀባል፤ ቁስሉ መስመር የሚሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። የክርንና የአንገት እጥፋት ላይ ሲሆን ደግሞ በሚነካኩት ሁለት የቆዳ ገጾች ላይ አንድ ዓይነት ቁስል ትይዩ ሆኖ ይወጣል፤ ይህም ጥሩ መለያ ነው። ወዲያው የሚሰማ ሕመም የለም፤ ቅላቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ውኃ የሚቋጥረው ከዚያ በኋላ ነው። በዚህ መካከል ጢንዚዛዋ ጠፍታለች፤ ሰው ቀና ብሎ ሲያይ የሚያገኘው ከጥግ የተንጠለጠለችውን ሸረሪት ነው፤ ክሱም በእሷ ላይ ይወድቃል።

አሁን ማድረግ የሚገባዎት፣ ቁስሉን በንጹሕ ውኃና በሳሙና በቀስታ ማጠብ፣ ቀዝቃዛ ውኃ የነካው ንጹሕ ጨርቅ ማድረግ፣ ውኃ የቋጠረውን አለማፍረጥና የልጁን ጥፍር ማሳጠር ነው። የተኛበትን አንሶላና የለበሰውን ልብስም ይጠቡ፤ ፈሳሹ ጨርቅ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና። የቅጠል ጭማቂ የቆሰለ ቆዳን የበለጠ ሊያስቆጣ ስለሚችል እናትዎን በአክብሮት ያስረዷቸው። ቁስሉ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት፣ ቢዘገይም በሦስት ሳምንት ውስጥ ይድናል፤ ጠቆር ያለ ምልክቱ ግን ለተወሰነ ጊዜ ሊቆይ ይችላል። መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ልጁ በተበከለ እጁ ዓይኑን አሽቶ ዓይኑ ከቀላ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ለወደፊቱ ጢንዚዛዋን ቆዳ ላይ ሲያዩ አይጨፍልቋት፤ እፍ ብለው ያስወግዷት ወይም ወረቀት አስጠግተው እንድትወጣበት ያድርጉና ወደ ውጭ ይጣሏት። ሳትታሰብ ከተጨፈለቀች ቦታውን ወዲያውኑ በሳሙና መታጠብ ጉዳቱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። መስኮቱን ሳይጨልም ይዝጉ፤ መብራቱንም ከአልጋው በላይ ከሚያደርጉት ደብዘዝ ያለ አምፖል ከአልጋው ራቅ አድርገው ቢያበሩ ይሻላል። አጎበር ካለዎት ለዚህም ያገለግላል። በኮርኒሱ ጥግ የነበሩት ሸረሪቶች ግን የልጅዎ ጠላቶች አልነበሩም።

ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡ ሌሎችም አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። በሽማግሌና በጎልማሳ ላይ የሚወጣው፣ በአንድ ጎን ብቻ መቀነት ሆኖ ከጀርባ ወደ ደረት ወይም ወደ ሆድ የሚዞረው፣ ከመውጣቱ በፊትም ቦታውን ለቀናት የሚያቃጥለውና የሚወጋው ሽፍታ አልማዝ ባለጭራ ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህንንም ለሸረሪት ይሰጠዋል። አልማዝ ባለጭራ የሚመጣው በልጅነት ውኃ የሚቋጥር ሽፍታ ካወጣው፣ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ ከቆየው የጉድፍ (ቺክንፖክስ) ቫይረስ ነው፤ መድኃኒቱም የተሻለ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው። በግንባር፣ በዓይን አካባቢ ወይም በአፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይንን ሊያሳውር ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል። በወጣት ላይ ሲወጣ ሐኪሙ የደም ምርመራ ሊያዝ ይችላል፤ ይህ ለበሽተኛው ጥቅም ነውና አይፈራ። «የሸረሪት ሽንት ነው፣ ሲደርቅ ይለቃል» እየተባለ እነዚያ ሦስት ቀናት ሲባክኑ ማየት እጅግ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ በደባርቅ አካባቢ ገጠር ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ጉንጬ ላይ ትንሽ እብጠት ወጥታ ቀስ በቀስ ሰፋች፤ አሁን ወራት ሆኗታል። አታሳክክም፣ እምብዛም አታምም፤ ነገር ግን አትድንም። ሰዎች «ሸረሪት ነክሳህ ነው» ይሉኛል። ሸረሪት ነክሳ ይህን ያህል ይቆያል?
መምህር

መልስ፦ አይቆይም። የሸረሪት ንክሻ በሰዓታትና በቀናት ይለወጣል፤ በወራት እየሰፋ የሚሄድና የማያም ቁስል የሌላ በሽታ ምልክት ነው። እርስዎ በሚኖሩበት ደጋማና ገደላማ አካባቢ በመጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ሌይሽማንያሲስ ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ እንኳ የምታንስ፣ ስትበር ድምፅ የማታሰማ ነፍሳት ናት፤ ጥገኛውን ተሕዋስ ከሽኮኮ ወስዳ ወደ ሰው ታደርሰዋለች። ሽኮኮ በሚበዛበት ዋሻና ገደል አጠገብ ያሉ መንደሮች የበለጠ የሚጋለጡትም ስለዚህ ነው። ከቁስሉ ጠርዝ ጥቂት ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ይለያል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሌይሽማንያሲስ ምርመራና ሕክምና የሚሰጥበት ማዕከል አለ፤ በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ ሪፈር ተጽፎልዎ ቢሄዱ መልካም ነው። ቁስሉ ፊት ላይ በመሆኑ ጠባሳው ሳይሰፋ መታከም ይሻላል። እስከዚያው በእሳት ማስተኮስም ሆነ ቆዳ የሚያቃጥል ነገር መቀባት አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ፒያሳ በጣሊያን ጊዜ በተሠራ አሮጌ ቤት ውስጥ እንኖራለን። ማታ መብራት ስናበራ በግድግዳው ላይ የመዳፌን ግማሽ የምታህል፣ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለባት ጠፍጣፋ ሸረሪት ተለጥፋ እናገኛለን። ስንጠጋት በቅጽበት ከሥዕል ጀርባ ትገባለች። ድር ስትሠራ አይተን አናውቅም። ባለቤቴ በጣም ትፈራታለች፤ መርዛማ ናት?
አባወራ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ የገለጹልኝ መልክና ጠባይ ሴሌኖፕስ ከተባሉት የግድግዳ ሸረሪቶች ጋር ይስማማል፤ እነዚህ በአፍሪካ ቤቶች ውስጥ የተለመዱ ናቸው። ሰውነታቸው እጅግ ጠፍጣፋ ስለሆነ በተሰነጠቀ ልስንና በበር መቃን መካከል ይገባሉ፤ እግሮቻቸውም ወደ ጎን የተዘረጉ ናቸው። ድር አይሠሩም፤ ሌሊት በግድግዳ ላይ ተለጥፈው የሚያልፈውን የእሳት ራት፣ ትንሽ በረሮና ዝንብ ይይዛሉ። በግድግዳው ላይ ወረቀት የመሰለ ነጭ ክብ ሽፋን ተለጥፎ ካዩም የእንቁላላቸው ማቀፊያ ነው። ለሰው አደገኛ መርዝ የላቸውም፤ ፍጥነታቸው ያስደነግጣል እንጂ ሩጫቸው ሁልጊዜ ለማምለጥ ነው።

ባለቤትዎ ግን መፍራታቸው ሊናቅ አይገባም፤ በገዛ ቤት ውስጥ ተሳቅቆ መኖር ከባድ ነው። ሸረሪቷን ለማስወጣት አፈ ሰፊ ብርጭቆ ወይም የፕላስቲክ ሳህን በላይዋ ይድፉባት፣ ከዚያ ጠንካራ ወረቀት በሥሩ አሳልፈው ወደ ግቢ ያውጧት። በልስኑ ላይ ያለውን ስንጥቅ በጀሶ መድፈን መመላለሷን ይቀንሰዋል።

በዚሁ ቤት ቀን ቀን በመስኮት ላይ የምትዘል፣ ከጥፍር የማትበልጥ፣ ሲቀርቧት ወደ ሰው ዘወር ብላ በሁለት ትላልቅ ዓይኖች የምታይ ሸረሪትም ሳትኖር አትቀርም። ይህች ዘላይ ሸረሪት ናት፤ እይታዋ ከሸረሪቶች ሁሉ የተሻለ ነው፣ ዝንብንም ተሸሽጋ ቀርባ ዘልላ ትይዛለች። ከዘመዶቿ አንዷ፣ በኬንያና በዩጋንዳ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የምትኖረው፣ ደም የጠጣች ትንኝን ከሌላው ምግብ አስበልጣ እንደምትመርጥ፣ ወባ አስተላላፊዋን አኖፌለስንም ለይታ እንደምታድን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ልጆችን ስለ ተፈጥሮ ለማስተማር ከዚህች የተሻለ እንስሳ በቤት ውስጥ አላውቅም።

ጥያቄ፦ በማራኪ የተማሪዎች መኖሪያ ክፍላችን ጥግ ላይ እግሯ እጅግ ረጃጅም፣ ሰውነቷ ትንሽ የሆነ ሸረሪት አለች። ጓደኞቼ «ከሸረሪት ሁሉ መርዛሟ ይህች ናት፤ ጥርሷ አጭር ስለሆነ ብቻ ነው ሰው የማትገድለው» ይላሉ። እውነት ነው?
ተማሪ

መልስ፦ እውነት አይደለም፤ ወሬው በብዙ አገር ይነገራል እንጂ ማስረጃ የለውም። ይህች ፎልኪድ ከሚባለው ቤተሰብ የሆነች ሸረሪት ስትሆን፣ መርዟ በሰው ላይ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። ድሯን ሲነኩባት መላ ሰውነቷን በፍጥነት ታርገበግባለች፤ ይህም ጠላት በትክክል እንዳያያት የምታደርገው መከላከያ ነው። ሴቷ እንቁላሎቿን በጥቂት ክር አስራ በአፏ ይዛ ስትዞር ያዩ ይሆናል። ወሬው ከየት እንደመጣ ለመገመት አያስቸግርም፤ ይህች ቀጭን ሸረሪት ከእሷ የሚበልጡና የሚያስፈሩ ሌሎች ሸረሪቶችን በድር ጠምጥማ ትበላለችና። ክፍላችሁን ስትጠርጉ ድሯን ማንሣት ትችላላችሁ፤ መፍራት ግን አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ አራዳ ገበያ አጠገብ ዕቃ ቤት አለኝ። በፕላስቲክ ወንበሮች ሥርና በተደረደረ ብሎኬት መካከል ሆዷ ክብ የሆነ፣ ቡናማ፣ እግሮቿ ዥጉርጉር ሸረሪት አገኘሁ። ድሯ የተዘበራረቀና ጠንካራ ነው፤ አጠገቧም ላዩ ላይ እሾህ መሳይ ነገር ያለበት አተር የሚያህል ክብ ነገር ተንጠልጥሏል። በስልኬ ያነሣሁትን ፎቶ ልኬያለሁ። ሠራተኞቼን ላስጠንቅቅ?
ነጋዴ

መልስ፦ አዎን፣ ያስጠንቅቁ። ከዛሬው ደብዳቤዎች መካከል ጥንቃቄ የሚገባው እውነተኛ የሸረሪት ጉዳይ ይህ ነው። ፎቶው ላይ በሆዷ ሥር የሚታየው በሁለት ጫፉ የሰፋና በመካከሉ የጠበበ ብርቱካናማ ምልክት፣ ይልቁንም ያ እሾሃማ የእንቁላል ከረጢት፣ ቡናማዋን መበለት ሸረሪት ያመለክታሉ። በአፍሪካና በሌሎችም ሞቃት አገሮች ከሰው መኖሪያ ጋር ተላምዳ ትኖራለች። ቀለሟ ከግራጫ እስከ ጥቁር ለመድረስ ጥቂት እስኪቀረው ሊለያይ ስለሚችል በቀለም ብቻ ለመለየት መሞከር ያሳስታል፤ ከረጢቱ ግን አያሳስትም፤ የሌሎች መበለት ሸረሪቶች ከረጢት ለስላሳ ነውና። የምትመርጠው ዝቅ ያለና የማይነካካ ቦታ ነው፦ የወንበርና የጠረጴዛ ሥር፣ የቆመ መኪና ጎማ፣ የማገዶ ክምር፣ ባዶ ጀሪካንና የቆየ ጫማ።

ይህች ሸረሪት ዓይን አፋር ናት፤ ስትነካ አብዛኛውን ጊዜ ተጠቅልላ ትወድቃለች፣ የምትነክሰውም ሰው ወንበር ሲያነሣ በጣቱ ሲጫናት ነው። የንክሻዋ ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ በነከሰችበት ቦታ ላይ በሚሰማ ሕመምና ቅላት ይወሰናል። የመበለት ሸረሪቶች መርዝ ግን በነርቭ ላይ የሚሠራ ስለሆነ፣ አልፎ አልፎ ሕመሙ ከተነከሰው እጅ ወይም እግር ተነሥቶ ወደ ሆድ፣ ወደ ወገብና ወደ ደረት ይሄዳል፤ ጡንቻ ይጨብጣል፣ ሰውየው በላብ ይጠመቃል፣ ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱም ሊጨምር ይችላል። ሞት እጅግ ብርቅ ነው፤ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊና የልብ ሕመምተኛ ግን ምልክት እስኪበዛ ሳይጠብቁ ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባቸው።

ሠራተኛ ቢነከስ ቦታውን በሳሙናና በውኃ ይጠብ፣ ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ ያድርግበት፣ እጁንም አያንቀሳቅሰው። በምላጭ መብጣት፣ በአፍ መምጠጥ፣ በገመድ አጥብቆ ማሰር፣ ነጭ ጋዝ መቀባት ወይም ማስተኮስ መርዙን አያወጣም፤ በላዩ ሌላ ጉዳት ይጨምራል። ከተቻለ ሸረሪቷን ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ አድርጎ፣ አለዚያም ፎቶዋን ይዞ መሄድ ሐኪሙን ይረዳል። ፎቶ ሲያነሡ፣ እንደ እርስዎ በሆዷ ሥር ያለውን ጭምር ያንሡ፤ አጠገቧም አንድ ሳንቲም ቢያስቀምጡ መጠኗ ይታወቃል።

ለማጽዳት ወፍራም ጓንት አድርገው ድሩን በረጅም መጥረጊያ ያንሡ፣ ከረጢቶቹን አንድም ሳይቀር ጨፍልቀው ያቃጥሏቸው። በአንዱ ውስጥ ከመቶ በላይ እንቁላል ሊኖር ስለሚችል እናቲቱን ገድሎ ከረጢቱን መተው ሥራውን ግማሽ አድርጎ መተው ነው። ብሎኬቱን ከግድግዳው አርቀው ይደርድሩ፤ ሠራተኞችዎም ወንበር ሲያነሡ ጣታቸውን ወደ ሥር ሳያስገቡ ጠርዙን ይያዙ።

ጥያቄ፦ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ስንወርድ ማታ መብራት ዳር ቢጫማ፣ ጸጉራም፣ ትልቅ መንጋጋ ያላት ሸረሪት እየሮጠች ትመጣብናለች፤ ስንሸሻት ታሳድደናለች። የነከሰችው ሰው አይድንም ይባላል።
የቀን ሠራተኛ

መልስ፦ አየናት የምትሏት ፍጥረት ስምንት እግር ቢኖራትም ሸረሪት አይደለችም፤ የሸረሪትና የጊንጥ ዘመድ የሆነች፣ በደረቅና በሞቃት ቆላ የምትኖር፣ ሶሊፉጋ የምትባል የተለየች አዳኝ ናት። አሥር እግር ያላት የምትመስለው ከፊቷ ያሉት ሁለት መዳሰሻዎቿ ረጃጅም በመሆናቸው ነው። የመርዝ ዕጢ የላትም። መንጋጋዋ ብርቱ ስለሆነ ስትያዝ ቆዳ ልትበሳ ትችላለች፤ ያን ጊዜ ቁስሉን በሳሙና አጥቦ ንጹሕ አድርጎ መያዝ ይበቃል። የምታሳድዳችሁ የሚመስላችሁም፣ ቀን ከሆነ ወደ ጥላችሁ ለመግባት፣ ማታ ከሆነ ብርሃኑ ላይ የተሰበሰቡትን ነፍሳት ለመያዝ ስትሮጥ ነው።

በዚያ ቆላ ልትፈሩት የሚገባው ጊንጥን ነው። ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ሞቃት መሬት የሚወዱ ጊንጦች ስጋት እንደ ቆላው አይደለም፤ ከከተማ ወደ መተማና ወደ ቋራ የሚወርድ ሠራተኛ ልምዱ ስለሌለው የበለጠ ይጋለጣል። መሬት ላይ አትተኙ፤ ጫማና ልብስ ሳታራግፉ አትልበሱ፤ ማታ በባዶ እግር አትሂዱ፤ የሰሊጥ ነዶ በባዶ እጅ ከሥሩ አትያዙ። ጊንጥ የነደፈው ሰው ምራቁ ከበዛ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሰውነቱ ከተንቀጠቀጠ፣ ወይም የተነደፈው ልጅ ከሆነ፣ ያለ ምንም መዘግየት ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።

ጥያቄ፦ የአራት ወር ሕፃን አለኝ። በቤታችን ማገርና ጣሪያ ላይ ሸረሪት በዝቷል። ጎረቤቴ የነቀዝ መድኃኒት ክኒን በየጥጉ ብናስቀምጥ ሁሉም ያልቃሉ አለችኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ለማሳ የገዛውን ማላታይን ሊረጭ ነው። የትኛው ይሻላል?
እናት፣ ከማክሰኚት

መልስ፦ ሁለቱንም እንዳታደርጉ አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የነቀዝ ክኒኑ ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ነቀዙን የሚገድለው እንስሳትንና ሰውንም በሚገድልበት ኃይል ነው። ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ አንድም ክኒን ሊቀመጥ አይገባም፤ ክኒን የተደረገበት እህልም ሰው ከሚኖርበት ቤት ውጭ መሆን አለበት። ለማሳ የተዘጋጀ ማላታይንም በግድግዳ፣ በምንጣፍና በአልጋ ላይ ይቀራል፤ ሕፃን ደግሞ መዳህ ሲጀምር በወለል ላይ የነካውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ መሶቡና የእንጀራው ምጣድም እዚያው ቤት ውስጥ ናቸው።

የሸረሪት መብዛት ምግብ መኖሩን ያሳያል፤ ዝንብና ትንኝ ሲቀንሱ ሸረሪቶቹ ራሳቸው ይቀንሳሉ። በረጅም ዘንግ ላይ መጥረጊያ አስረው በሳምንት አንድ ጊዜ ድሩን ከነከረጢቱ ያንሡ፤ ያን ጊዜ ሕፃኑ ከቤት ውጭ ይሁን፣ ምግቡም ይከደን። የከብቱን እበትና የቤቱን ጥራጊ ከደጃፉ ያርቁ፤ በማገሩና በቆርቆሮው መካከል ያለውን ክፍተት በጭቃ ይምረጉ። ሕፃኑን በአጎበር ውስጥ ያስተኙት፤ የአጎበሩን ጠርዝ ከፍራሹ ሥር ከወተፉት ሸረሪትም፣ ትንኝም፣ ያች ቀይና ጥቁር ጢንዚዛም አይደርሱበትም።

ጥያቄ፦ አባቴ እጃቸው ሲቆረጥ የሸረሪት ድር ከግድግዳ አንሥተው ቁስሉ ላይ ያደርጋሉ፤ ደሙም ይቆማል። ጉዳት አለው?
ከቀበሌ 18

መልስ፦ የድሩ ክር ደም እንዲረጋ ሊያግዝ ይችላል፤ አባትዎ ያዩት ውጤት ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ከግድግዳ የሚነሣ ድር ግን አቧራና የነፍሳት ሬሳ የተጣበቀበት ነው፤ በአቧራና በአፈር ውስጥም መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ባክቴሪያ ይኖራል፤ ይህ በሽታ ከያዘ በኋላ ማዳን እጅግ አስቸጋሪ ነው። ትንሽ ቁስል ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ለአሥር ደቂቃ ያህል ሳይለቁ ተጭኖ መያዝ ደሙን ያቆመዋል፤ ከዚያ በውኃና በሳሙና ታጥቦ ይሸፈን። አባትዎ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ወስደው የማያውቁ ከሆነ ወይም ከወሰዱ ብዙ ዓመት ካለፈ፣ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ይዘዋቸው ቢሄዱ ይከተባሉ።